ከ1 እስከ 10 ስንት ነሽ?

2.9013።

ይህ ቁጥር ስምንት ዓመት ያህል የሰው ልጅ ሕይወት ድንበር ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ማርሻል ሎሳዳ «አሜሪካን ሳይኮሎጂስት» በተባለው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ደስ የሚሉ ስሜቶቻችሁ ከማይመቹት ስሜቶች 2.9013 እጥፍ ከበለጡ ሕይወታችሁ ይለመልማል፣ ካነሱ ይጠወልጋል አሉ። አራት የአስርዮሽ ቤት! እኔ የምጠብቀው ሰርቨር እንኳ ስለ ራሱ ጤንነት በዚህ ልክ ተማምኖ አያወራም።

ቁጥሩን የጣለው ኒክ ብራውን ነው። በኮምፒውተርና በኔትወርክ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፈ ሰው ሲሆን፣ በጎልማሳነቱ ምሥራቅ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ ሊማር ገብቶ ጽሑፉን ሲያነብ ሒሳቡ አልዋጥ አለው። ፊዚክስ አዋቂውን አለን ሶካልንና የሥነ ልቦና ባለሙያውን ሃሪስ ፍሪድማንን ይዞ መረመረው። ለካ እኩልታዎቹ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 የፈሳሽ እንቅስቃሴን ለማሳየት የጻፋቸው ናቸው። ሎሬንዝ ለምሳሌ የተጠቀመባቸው ቋሚ ቁጥሮች ሳይቀሩ እንዳሉ ተገልብጠው ሰው ላይ ተለጥፈዋል። ኮፒ ፔስት ማለት ይኼ ነው። ትችቱ በ2013 ሲወጣ መጽሔቱ የሒሳብ ሞዴሉን ከጽሑፉ አነሳ።

ይህን የማነሳው ለመሳለቅ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ለመሳለቅም ነው።) የማነሳው በእኛ ሙያ ባግና የተሳሳተ ሪኳየርመንት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። ባግ ኮዱ የታሰበውን አለመሥራቱ ነው፤ ይስተካከላል። ሪኳየርመንቱ ከተሳሳተ ግን ኮዱ ምንም ያህል ቢያምር የሚሠራው የማይፈለገውን ነገር ነው። 2.9013 ባግ ነበር፤ ተስተካከለ። ጥያቄዬ ቁጥሩ ከተነሳም በኋላ ስላልተነካው ነገር ነው፦ የሰው ደስታ የራሱ የብቻው ንብረት ነው፣ በውስጡ ተቀምጧል፣ ይለካል፣ ማነሱም በአብዛኛው የአስተሳሰቡ ጉዳይ ነው የሚለው እምነት።

ለፍትሕ ያህል መነሻቸውን ልናገር። ማርቲን ሴሊግማን በ1998 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲሆን የያዘው ቅሬታ ተገቢ ነበር። ሙያው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በሽታን በማጥናት ተጠምዶ፣ ሰው ደህና ሲሆን ምን እንደሚመስል ረስቷል የሚል። በ2000 ከሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ጋር የጻፈው መግቢያ የዘርፉ ልደት ተደርጎ ይቆጠራል። እኛ ጋ የደረሰው ግን በምርምር መጽሔት አይደለም። በዩቲዩብ፣ በሥልጠና አዳራሽ፣ መንገድ ዳር ሸራ ላይ በተዘረጉ «አስተሳሰብህን ቀይር» በሚሉ መጻሕፍት ነው የደረሰው። የሞቲቬሽን ተናጋሪና ተመራማሪ አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው ኃጢአት መክሰስ አልፈልግም። የሚሠሩት ግን አንድ መሠረት ላይ ነው።

በ2016 መጀመሪያ አካባቢ አዲስ አበባ የምሠራበት ድርጅት ለሠራተኞቹ የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጀ። አሠልጣኙ ክብ ሥዕል አሳየን፦ ከደስታችሁ 50 በመቶው በዘር የወረሳችሁት ነው፣ 10 በመቶው የምትኖሩበት ሁኔታ ነው፣ 40 በመቶው በእጃችሁ ነው። ያኔ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ እኔም ኮሶዬ ካሉ ዘመዶቼ ድምፅ ከሰማሁ ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። ይኼ አስር በመቶው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ክቡ ሥዕል የመጣው ሶንያ ሉቦሚርስኪ፣ ኬነን ሼልደንና ዴቪድ ሽኬድ በ2005 ካወጡት ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የብዙ ሥልጠና ምሰሶ ይኼ ነው። በመጀመሪያ፣ 40 በመቶው እንዴት ተገኘ? ከመቶ ላይ 50ና 10 ተቀንሶ። በቃ። ኢንጂነሪንግ ስማር፣ ሞዴል ያላስረዳውን ቀሪ «ስህተት» ወይም «ያልታወቀ» ብለን ነበር የምንጽፈው። እነሱ «በእጃችሁ ያለ» ብለው ጻፉት።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። እነዚህ መቶኛዎች የሚናገሩት በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ አንድ ሰው ውስጥ ስላለው ደስታ አይደለም። ወገራ ላይ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ይህን ለመረዳት ስታቲስቲክስ አያስፈልገውም። አንድ ለም ማሳ ላይ ልዩ ልዩ ዘር ብትዘሩ የቁመቱ ልዩነት በሙሉ ከዘሩ የመጣ ይሆናል። አፈሩ ለሁሉም አንድ ስለሆነ «የአፈር ድርሻ ዜሮ» የሚል ስሌት ይወጣል። ስሌቱ ልክ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ገብስ አፈር አያስፈልገውም» ያለ ሰው ግን ድንጋይ ላይ ዘርቶ ይየው። ቁጥሮቹ በአብዛኛው የተሰበሰቡት ከሀብታምና ሰላም ካላቸው አገሮች ነው፤ ሁኔታቸው በሚቀራረብ ሰዎች መካከል ሁኔታ ትንሽ ልዩነት ቢያመጣ ምን ይደንቃል? በ2019 ኒክ ብራውንና ጁሊያ ሮረር ተመሳሳይ ትችት ሲያቀርቡ፣ ከሦስቱ ደራሲዎች ሁለቱ ብዙውን ተቀብለዋል። አዲስ አበባ ያለው ስላይድ ግን አልተቀየረም።

ስለ «ሁኔታ» ካነሳን አይቀር፦ ከኮሶዬ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት ይገኛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እዚያ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ያካሂዳል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከቀዬው ለቀቀ ተብሎ ቤት ለቤት ይመዘገባል። እንደ ዳታቤዝ ካየነው ደረቅ ነገር ነው፤ ስለ ስሜት አይጠይቅም። ግን የሚመዘግበው ሁሉ ያ «10 በመቶ» የተባለው ነው። በዚያው ወረዳ፣ ጨና በምትባል የገጠር መንደር፣ በነሐሴ 2013 መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ለቀናት ገብተው በነበረበት ጊዜ ሲቪሎች ተገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ምስክሮችን አነጋግሮ 26 ግድያዎችን መዝግቧል፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ደግሞ የሟቾቹን ቁጥር ከ100 በላይ አድርሰውታል። ጨና ያለች እናት ፊት ያንን ክብ ሥዕል ይዞ የሚቆም አሠልጣኝ በዓይነ ሕሊናዬ ለማየት ሞክሬ አልሆነልኝም። እሱም የሚያደርገው አይመስለኝም፤ ያፍራል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ እሷ ፊት የሚያሳፍር ሐሳብ እኛ ፊት ሲቀርብ ምን ስለተለወጠ ነው እውነት የሚሆነው?

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ከሥልጠናው ጥቂት ቆይቶ አንድ ደንበኛ በአማርኛ የሚሠራ የስሜት መመዝገቢያ አፕ አዘዘን። ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓምድ፦ የተጠቃሚ መለያ፣ ቀን፣ ደስታ። የደስታው ዓይነት ኢንቲጀር፣ ከ1 እስከ 10፣ ባዶ መተው አይቻልም። ፍልስፍና የሚጻፈው በመጽሐፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ዳታቤዝ ከፍቶ አያውቅም። «አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቁጥር» የሚለው ውሳኔ ሰው ምን እንደሆነ የሚገልጽ ሙሉ አቋም ነው። ማንም አልተከራከረበትም።

አማርኛው ሰው አፍ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ጥቅምት ላይ ኔትወርክ ሲገኝ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ገደል አፋፍ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ጎብኚ መኪና አስቁሞ ቆላውን ቁልቁል እያየ ፎቶ ይነሳባታል። አክስቴ ፎቶ አይደለችም፤ ገብስና ድንች ታመርታለች፣ ቀልድም ታውቃለች።

«ደስታሽ ከ1 እስከ 10 ስንት ነው?» አልኳት።

«የማን?»

«ያንቺ ነዋ።»

«የእኔ ብቻ?»

ዝም ብላ ቆየች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፦ «ገብሱ ደህና ነው፣ ተመስገን። ልጁ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል፣ ወባ እንዳይጥለው እፈራለሁ። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ሐዘን ላይ ናት፤ እሷ እንዲያ ሆና እኔ ደስ ብሎኛል ብል ነውር ነው። አንተ ደግሞ ድምፅህ ደህና ነው። እንግዲህ ቁጥሩን አንተው አውጣው ልጄ፣ የተማርከው አንተ ነህ።»

አንድ የዘርፉ ሰው ይህን ሲሰማ «አዎ፣ ማኅበረሰባዊ ባህል ነው፤ ስለ ግንኙነት የሚጠይቅ ሌላ ዓምድ ጨምር» ይለኛል። ሴሊግማንም በ2011 ባወጣው መጽሐፍ ደስታን በአምስት ምሰሶ ሲከፍል ከሰው ጋር ያለ ግንኙነትን አንዱ አድርጎታል። ለእኔ ግን ችግሩ እዚህ ጋ ጎልቶ ይወጣል። በዚያ ስሌት ጎረቤት ማለት ለእኔ ደህንነት የሚገባ ግብዓት ነው፤ ልክ እንደ እንቅልፍና እንደ ስፖርት። አክስቴ ያለችው ይህን አይደለም። የጎረቤቷ ሐዘን የእሷን ቁጥር ስለሚቀንስ አይደለም የጠቀሰችው። ቁጥሩን የመናገር መብቷን ስለሚነካ ነው። አንዱ ሒሳብ ነው፣ ሌላው ነውር። ነውር ኢንቲጀር የለውም።

እዚህ ላይ «አያችሁ፣ እኛ ጋ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር» የሚል ዘፈን ልጀምር አልፈልግም። ምስጋናን እንውሰድ። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክለክ በ2003 ባወጡት ጥናት ሰዎች የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች እየመዘገቡ እንዲጽፉ አድርገው ስሜታቸው መሻሻሉን አሳይተዋል፤ የዛሬው የምስጋና ማስታወሻ ደብተር ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። እኛ ደግሞ በቀን ሃምሳ ጊዜ «ተመስገን» እንላለን። አንድ ነገር ናቸው? አይመስለኝም። «ተመስገን» ተቀባይ አለው፤ የሚባለውም ለሆነ አካል ነው፣ የአክስቴ ገብስ በበረዶ በተመታ ዓመትም ይባላል፣ ተናጋሪውን ደስ ሊያሰኝ ተብሎ አይደለም። ደብተሩ ላይ ግን ተቀባዩ ይጠፋና ጥቅሙ ይቀራል፤ አመስጋኙም ተመስጋኙም እኔው እሆናለሁ። በሌላ በኩል፣ «ተመስገን በል እንጂ!» የሚለውን ሐረግ የማያውቅ ደመወዝተኛ አለ? ጭማሪ የጠየቀን ሰው አፍ ለመዝጋት እንደ እሱ የተመቸ ቃል የለም። የራሳችን ቃልም ለዚያ ሥራ ይውላል፤ ለዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ አሠልጣኝ አላስፈለገንም።

አሁን ወደ ውሾቹ። የሴሊግማን ዝና የጀመረው በደስታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 እሱና ስቲቨን ማየር ውሾችን አስረው ኤሌክትሪክ አስነዘሯቸው። አንደኛው ቡድን ጭንቅላቱ አጠገብ ያለውን ሰሌዳ ሲጫን ንዝረቱ ይቆማል። ሁለተኛው ቡድን በተመሳሳይ ጊዜ ለተመሳሳይ ያህል ይነዘራል፤ እሱ ግን ቢጫንም ባይጫንም ለውጥ የለም። በኋላ ሁለቱም በቀላሉ ዘለው ሊያመልጡ የሚችሉበት ሳጥን ውስጥ ሲገቡ፣ ከሁለተኛው ቡድን አብዛኞቹ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ይህ «የተማሩት ተስፋ ቢስነት» ተባለ። ከዚያ የተወሰደው ትምህርት፦ ሰውም እንዲሁ ተስፋ መቁረጥን ይማራል፣ ስለዚህ ስለ ገጠመው ነገር ለራሱ የሚሰጠውን ማብራሪያ ከቀየረ ተስፋን ሊማር ይችላል የሚል ነው።

እኔ ይህን ሙከራ ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሽቦው ነው። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፦ የአንዱ ሰሌዳ ከማጥፊያው ጋር ተገናኝቷል፣ የሌላው አልተገናኘም። የውሾቹ «አመለካከት» ከመነዘራቸው በፊት ልዩነት አልነበረውም። በ2016 ራሳቸው ማየርና ሴሊግማን የሃምሳ ዓመቱን የአንጎል ምርምር ገምግመው ነገሩን ገልብጠውታል። ለረጅም መከራ ዝም ብሎ መተኛት የሚማሩት ነገር ሳይሆን ያለ ትምህርት የሚመጣ ምላሽ ነው፤ የሚማሩት ነገር መቆጣጠር እንደሚቻል ነው። ይህን ማመናቸው የሚያስከብራቸው ይመስለኛል። ግን እስቲ ቀጥሉት፦ መቆጣጠር የሚማሩት ሰሌዳው ሲሠራ ነው። ሰሌዳው ካልተገናኘ ውሻውን ተስፋ ማስተማር ምን ይባላል?

የአሜሪካ ጦር በ2009 በሴሊግማን ተሳትፎ ለወታደሮቹ የአእምሮ ጥንካሬ ሥልጠና ጀምሮ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድቦበት ነበር። ሥልጠናው ወታደሩ ስለ ጦርነቱ የሚያስበውን እንዲያስተካክል ይረዳዋል፤ ጦርነቱ ግን በጥያቄው ውስጥ አልነበረም። ድርጅቶችም የሚገዙት ለዚህ ነው። የሥራ ጫናን መቀነስ ውድ ነው፤ ስለ ሥራ ጫና ያለንን አስተሳሰብ መቀየር የግማሽ ቀን ሥልጠናና ሻይ ቡና ይፈጃል።

የቀረችኝ አንዲት የፍልስፍና ነገር አለች። ዘርፉ ስሜቶችን «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» ብሎ ሲከፍል መለኪያው ምን ዓይነት ጣዕም አላቸው የሚለው ነው እንጂ እውነት ናቸው ወይ የሚለው አይደለም። ግን ሐዘን ስለ አንድ ነገር ነው። «ይህ ሰው ትልቅ ነገር ነበር፣ አሁን የለም» ይላል፤ ሰውየው ትልቅ ነገር ከነበረ ሐዘኑ ልክ ነው። ቁጣም እንዲሁ። የእኛ ለቅሶ ይህን ያውቃል። ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበርና ምግብ ያቀርባል፣ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ። ሐዘንተኛዋ «ቶሎ እንድታገግም» የሚቸኩል የለም፤ ሰዎች የሚመጡት የሐዘኗን ልክነት በፊርማቸው ሊያጸድቁ ያህል ነው። አርስቶትልን የዘርፉ ሰዎች እንደ አባት ይጠቅሱታል። እሱ ግን ልጆቹንና አገሩን ያጣውን የትሮይ ንጉሥ ፕሪያምን አንስቶ፣ እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበትን ሰው ደስተኛ የሚለው የለም ብሏል፤ ምግባሩ ምንም ቢሆን። አባትነቱን ወስደው ፕሪያምን ትተውታል።

እንዲህ ስል መራራነትን እያወደስኩ የሚመስለው ይኖራል። ኮሶዬ ስሟ ከኮሶ ዛፍ ጋር የተያያዘ ነው። አያቶቻችን ኮሶ ይጠጡ የነበረው መምረሩ ስለሚያጎለብት አልነበረም፤ ሆድ ውስጥ ትል ስለነበረ ነው። ትሉ ከሌለ ማንም አይጠጣውም ነበር። «መከራ ያሳድጋል» የሚለው ፋሽንም ለእኔ ከፈገግታው ፋሽን አይሻልም።

አፑ ወጥቷል፤ ዓምዱም እንደ ነበረ ነው። በኋላ ደንበኛው ሌላ መጠይቅ እንድንጨምር ጠየቀን፦ ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ በ1985 ያዘጋጁት የሕይወት እርካታ መለኪያ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7። የመጨረሻው ሕይወቴን እንደገና ብኖር የምለውጠው የለም ለማለት የሚቀርብ ነው። ይህንንም አክስቴ ላይ ሞከርኩት። በዚህ ጊዜ አልዘገየችም። «የ13ን ነሐሴ አወጣዋለሁ» አለች፤ ያኔ ባሏ በኩል የዳባት ዘመዶች ነበሯት። «የማዳበሪያውን ዋጋ እቀንሰዋለሁ። ልጁ ሲታመም መንገዱ እንዲከፈት አደርጋለሁ። ሌላውን አልነካውም፣ ሌላውማ የእኔው ነው።»

ከ1 እስከ 7 የቱን ላድርግልሽ አልኳት። ስልኩ ባትሪ እየጨረሰ ስለነበር ቶሎ በል አለችና ስለ መተማው ልጅ መልእክት ትነግረኝ ጀመር።